የዘር ፈሳሼ ላይ ደም አየሁ፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች። ዕድሜዬ 29 ነው፣ የምኖረው ባሕር ዳር። ሰሞኑን የዘር ፈሳሼ ቡናማ ሆኖ ወጣ፤ በሌላ ቀን ደግሞ ቀይ። ሕመም የለኝም፣ ሽንቴም ንጹህ ነው። ጣና ላይ ስለምዋኝ ጓደኞቼ "ቢልሃርዚያ ነው" (ከውሃ የሚይዘው የትል በሽታ) ይሉኛል። እኔ ግን ካንሰር ይሆን ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ፋርማሲ ሄጄ አንቲባዮቲክ ልግዛ?

ነርስ፦ አይዞህ ወንድሜ። ከ40 ዓመት በታች ይህ ነገር ካንሰር የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው፤ ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ቡናማው የቆየ ደም ነው። የተለመደው ምክንያት የፕሮስቴት ዕጢ (ከፊኛ ሥር ያለው) ወይም የዘር ከረጢት መቆጣት ነው፤ ጨብጥና ክላሚዲያም አሉበት። ቲቢ፣ ከፍተኛ የደም ግፊትና ደም ማቅጠኛ መድኃኒትም ያመጡታል። አንቲባዮቲኩን ግን እባክህ ተወው። ሳትመረመር ከዋጥክ ጀርሙ ላብራቶሪ ላይ ይጠፋና ሐኪሙ ይቸገራል። መጀመሪያ በኮንዶም ተጠቀምና ደሙ ካንተ መሆኑን አረጋግጥ፤ ከባለቤትህም ሊሆን ይችላል።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ ስለ ቢልሃርዚያው ልጨምር። ጣና ዙሪያ ያለው የአንጀቱ ዓይነት ነው፤ እንቁላሉ በሰገራ ነው የሚታየው። ሽንትና የዘር ፈሳሽ ላይ ደም የሚያመጣው በብዛት የፊኛው ዓይነት ነው። እሱ እንደ መካከለኛው አዋሽ ባሉ ቆላማ ቦታዎች ይገኛል። ወደዚያ ሄደህ ታውቃለህ?

ጠያቂ፦ አዎ! አሚባራ ጥጥ እርሻ ላይ ሠርቻለሁ። ረግረጉ ውስጥም እንገባ ነበር።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ ይህንን ለሐኪሙ ሳትረሳ ንገር። ካልነገርከው የጣናውን ብቻ አስቦ ሰገራ ብቻ ሊያዝልህ ይችላል። ሽንቱን ከረፋዱ 4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ስጥ፤ እንቁላሉ በብዛት የሚወጣው ያኔ ነው። የመጨረሻዋን ጠብታ እንዳትተዋት። ከተገኘ ፕራዚኳንቴል የሚባለው የቢልሃርዚያ መድኃኒት በኪሎህ ልክ ይሰጥሃል።

አንድ አባት፦ ልጄ፣ እኔ ከ60 አልፌያለሁ። ከፕሮስቴቴ ናሙና ከተወሰደ በኋላ ለሳምንታት ደም አይቻለሁ፤ ሐኪሙ ቀድሞ ስለነገረኝ አልደነገጥኩም። ከ40 በላይ ሆናችሁ እንዲህ ደም ያያችሁ ግን የፒኤስኤ (የፕሮስቴት ችግርን የሚጠቁም) የደም ምርመራና የፕሮስቴት ምርመራ ይኑራችሁ። አንተም ደሙ ከተመላለሰ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ሽንትህ ከቀላ ወይም ፍሬህ ላይ እብጠት ከዳሰስክ የሽንት ቧንቧ ስፔሻሊስት ይይህ። ከጤና ጣቢያ ጀምር፤ ካስፈለገ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሪፈር ይጽፉልሃል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ አባቴ። እስከዚያ ከባለቤቴ ጋር መገናኘት ችግር አለው?

ነርስ፦ ውጤቱ እስኪመጣ በኮንዶም ይሁን። አባላዘር ከተገኘ እሷም አብራህ ትታከም፤ አለበለዚያ መልሶ ይይዝሃል።