የኢንተርንሺፕ ሪፖርት፦ «ያገኘሁት ጥቅም» እና «ምክረ ሐሳብ» ላይ ምን ልጻፍ?

ሲቪል 4ኛ ዓመት፦
ሰላም ለሁላችሁም። ጂ+7 ሕንፃ ሳይት ላይ ነኝ፤ ኢንተርንሺፑ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ሎግቡኩ (የዕለት ሥራ መዝገቡ) ደህና ነው፤ የቸገረኝ ሪፖርቱ ነው። ጥቅምና ምክረ ሐሳብ የሚሉት ምዕራፎች ላይ የምጽፈው ሁሉ የአምና ልጆችን ይመስላል። ድርጅቱ የሚሞላውን የግምገማ ፎርምስ መቼ ልስጣቸው?

ኦፊስ ኢንጂነር፦
ወንድሜ፣ የቲም ወርክና የሥራ ዲሲፕሊን አንቀጾችን ፈታኞቹ በቃላቸው ያውቋቸዋል፤ ግማሽ ገጽ ይበቃቸዋል። ጉልበትህን በሜትርና በኪሎ የሚለካ አንድ ችግር ላይ አውለው።

የፌሮ ብክነትን ውሰድ። ሳይት የሚገባው ፌሮ 12 ሜትር ነው። የሚፈለገው ባለ 14 (ውፍረቱ 14 ሚሊ ሜትር የሆነ) በ3.50 ሜትር ርዝመት ከሆነ ከአንዱ ሦስት ይወጣና 1.50 ሜትር ይተርፋል፤ 12.5 በመቶ ማለት ነው። ክብደቱ ውፍረቱ በራሱ ተባዝቶ ለ162 ሲካፈል ነው፤ 14×14÷162፣ በሜትር 1.21 ኪሎ ይመጣል። መቶ ፌሮ ሲቆረጥ 181 ኪሎ ገደማ ቁርጥራጭ አጥር ሥር ተከመረ ማለት ነው። ባር ስኬጁሉ (የፌሮ ዝርዝር ሰንጠረዡ) ላይ ባለ 14 በ5 ሜትር የሚፈለግ ካለ ግን 3.50+3.50+5.00 አድርጎ ቢቆረጥ ምንም አይተርፍም። ታዲያ ለምን አይደረግም? ፌሮ ቆራጩ የሚሰጠው የዕለቱን ዝርዝር ብቻ ነዋ! የነገውን ርዝመት ሳያይ ከምን ጋር ያጣምረው? ምክረ ሐሳብህ እዚህ ላይ ነው፦ የአንድ ፎቅ ሙሉ ዝርዝር አስቀድሞ ይሰጠው።

ክምሩን ራስህ ለካ እንጂ የፎርማኑን ግምት አትጻፍ። የመቁረጫ ርዝመት ላይ ማጠፊያና ላፕ (ሁለት ፌሮ የሚደራረብበትን ርዝመት) ካልደመርክ ደግሞ ሒሳቡ በሙሉ ይፈርሳል።

መምህር፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ። የእርጥብ ኮንክሪት ልልነት የሚለካበትን ሙከራ «የስላምፕ ቴስት ተሠርቷል» ብለህ ካለፍክ ግን ፕሬዘንቴሽን ላይ ቀጥሎ የሚመጣው የታወቀ ነው፤ ቅርጹ በስንት ንብርብር ተሞላ፣ ስንት ስንት ጊዜ በዘንግ ተወጋ? (ሦስት ንብርብር፣ እያንዳንዱ 25።) ቅርጹ ሲነሳ ኮንክሪቱ ስንት ሚሊ ሜትር ወረደ?

ኩብ (ለጥንካሬ የሚፈተን የኮንክሪት ናሙና) ላይ የምትጽፍ ከሆነ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት የተሞላ ኮንክሪት ምረጥ። የሰሞኑ ሙሌት የ28 ቀን ውጤቱ የሚመጣው አንተ ከወጣህ በኋላ ስለሆነ የ7 ቀኑን ብቻ ይዘህ ትቀራለህ። ናሙና ሲወሰድ ብቻ አይተህ ከሆነም እንደዚያው ጻፈው። ነጥብ የሚያስቀንሰው ያላዩትን አየሁ ማለት ነው።

ፕሮጀክት ኮኦርዲኔተር፦
ፎርሙን ነገ ጠዋት ስጥ፤ የመጨረሻውን ቀን አትጠብቅ። ፊርማው ሳይት ላይ ያልቃል፤ ማህተሙ ግን ብዙ ጊዜ ዋናው ቢሮ ነው ያለው፣ ያዡ ፊልድ ከወጣ መጉላላት ነው። ሱፐርቫይዘርህ የሠራኸውን ሁሉ ላያስታውስ ስለሚችል ቀን፣ ሥራና መጠን የያዘ ግማሽ ገጽ አያይዝለት። ፖስታው ሲታሸግ ማህተሙ እሽጉ ላይ ጭምር መመታቱን እይ።

ሲቪል 4ኛ ዓመት፦
አመሰግናለሁ። ባር ስኬጁሉን ፎቶ አንስቼ ሪፖርቱ ላይ ባስገባውስ?

ኦፊስ ኢንጂነር፦
ሳታስፈቅድ አይሆንም፤ የድርጅቱ ሰነድ ነው። ፕሮጀክት ማናጀሩን ጠይቅ፣ ከፈቀደም የባለቤቱን ስም ሸፍነው። ዋጋ አይውጣ ካሉህ ብክነቱን በኪሎ ብቻ አስቀምጠው፣ በቂ ነው።