ሐምሌ ላይ ወፍ ዋሻ ይገባል?

የሚኒሶታዋ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ አገር ቤት ልገባ ነው፤ የዓመት ፈቃዴ የተፈቀደው ግን ለሐምሌ ነው። ደብረ ብርሃን ካለችው የልጅነት ጓደኛዬ ዘንድ አርፌ የበረሳን ወንዝ ዳር ዳሩን መጓዝ፣ ከዚያም ወፍ ዋሻ ደን ገብቼ በእግሬ ወደ አንኮበር መውጣት አምሮኛል። በክረምት ይቻላል? ሌላው ጭንቀቴ አጎቴ ናቸው። «ዘመድ እያለሽ ባዕድ ቤት?» ብለው ተቀይመውኛል። የቤታቸውን ቆርቆሮ አስቀይርላቸው ዘንድም ይጠብቃሉ።

የቶሮንቶው፦ እህቴ፣ ከጫማሽ በፊት ወረቀትሽን አስቢ። ዜግነት ቀይረሽ ከሆነ ቢጫ ካርድ አውጪ። በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት የሚሰጥ የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ ነው፤ እሱን የያዘ ቪዛ አይጠየቅም። እኔ ሳላወጣ ሄጄ አንድ ሆቴል የፈረንጅ ዋጋ አስከፍሎኛል፤ ያውም በአማርኛ እየተከራከርኩ!

የስቶክሆልሙ፦ ልጅቷ ስለ ዝናብ ጠየቀች፣ አንተ ስለ ካርድ መለስክ። ልጄ፣ ሐምሌ ላይ የወፍ ዋሻን ገደል ጉም ይውጠዋል። ጠዋት ድንጋይ ረግጠሽ የተሻገርሽው ጅረት ከሰዓት በኋላ ሞልቶ ይጠብቅሻል። ያለ አገሩ ሰው እንዳትገቢ፤ የመንገዱን ሰላምም ከመነሳትሽ በፊት ጓደኛሽ ታጣራልሽ። ጥቅምት ቢሆን ኖሮ አንድም ቃል አልናገርም ነበር። እኔ ግን አሁን የምናፍቀው ያንኑ ጭቃ ነው። እዚህ የደኑ መንገድ በየዛፉ ምልክት ተቀብቶለታል፤ ቆሎውን ከኪሱ ዘግኖ «እንካ» የሚል እረኛ ግን የለበትም።

የሲያትሉ፦ የመንዝ ጓሳ፣ ያ የደጋ ሣር ምድር፣ እያለ ወፍ ዋሻ ምን አላት? እኛ መንዞች ያንን ሣር ቄሮ በሚባለው በአባቶቻችን የሣር ጥበቃ ሥርዓት ጠብቀን አቆይተነዋል። ሣሩ የሚታጨደው ሲፈቀድ ብቻ ነበር። ጭላዳው፣ ቀይ ቀበሮው፣ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክልም እዚያ አለ። የሸዋ ውኃም ሁሉ ወደ ዓባይ ይወርዳል።

የስቶክሆልሙ፦ ሁሉም አይወርድም። በረሳ በጀማ ወንዝ በኩል ዓባይ ይገባል፤ ልክ ነህ። ወፍ ዋሻ ግን ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ምንጮቹ የሚወርዱት ወደ አዋሽ ነው።

የሲያትሉ፦ አዋሽ ባሕር እንኳ ሳይደርስ በረሃ ውስጥ የሚቀር ወንዝ ነው! ከዓባይ ጋር ታወዳድረዋለህ?

የስቶክሆልሙ፦ ማን አወዳደረ? ውኃ ወዴት እንደሚፈስ ነው የነገርኩህ።

የሚኒሶታዋ፦ አመሰግናለሁ። ትኬቱን ቆርጫለሁ፣ ሐምሌ 8 ነው። የአጎቴንስ ነገር ምን ትሉኛላችሁ?

የቶሮንቶው፦ መጀመሪያ ሁለት ሌሊት እሳቸው ቤት እደሪ። ቆርቆሮው ስንት ነው?

የሲያትሉ፦ ጣርማ በር ተራራው አፋፍ ላይ ቆሜ አይቻለሁ እኮ! ከበስተግራዬ ያለው ሁሉ የዓባይ ነው።

የስቶክሆልሙ፦ ፊትህን ወዴት አዙረህ ነበር የቆምከው?