የአእምሮ ጤና ቅስቀሳ ለሰሜን ሸዋ ወጣት ይቀጥል ወይስ ይብቃ?

መምህሩ (ደብረ ብርሃን)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ትምህርት ቤታችን ውስጥ የአእምሮ ጤና ግንዛቤ ማስጨበጫ ነበር። ባነር ተሰቀለ፣ አጭር ድራማ ታየ፣ ቲሸርትና ኮፍያ ታደለ። በሦስተኛው ቀን አንዲት ተማሪ መጣችና «ቲቸር፣ ድራማው ላይ ያለችው ልጅ እኔን ናት» አለችኝ። እንቅልፍ ካጣች ወራት ሆኗታል። ደብረ ብርሃን ስለሆንን ሆስፒታል አለ፣ ይዣት ሄድኩ። ገጠር ብሆን ኖሮስ? ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ቅስቀሳው ይቀጥል ወይስ ብሩ መጀመሪያ ለሕክምናው ይዋል? ስድብ አይፈቀድም።

የመንዝ ልጅ፦ ይብቃ። ግንዛቤ ማስጨበጫ ይሉታል፤ እኛ የጨበጥነው ቲሸርቱን ነው። እነሱ ደግሞ አበሉን። መሀል ሜዳ ከተማ፣ እኛ መንዝ ላለ ሰው «ባለሙያ አማክር» ማለት ምን ማለት ነው? ታላቅ ወንድሜ ታሞ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከእኛ ደብረ ብርሃን ያለውን አትጠይቁኝ። መንገድ ሲዘጋ መድኃኒቱ አለቀበት። ተመልሶ ዜሮ። ለመድኃኒት ብር የለም፣ ለባነር ግን አይጠፋም።

ተማሪዋ፦ ቲቸር፣ የልጅቷን ነገር እዚህ መጻፍዎ ልክ ነው ግን?

መምህሩ፦ አስፈቅጃታለሁ። ማንነቷን የሚያሳውቅ ነገርም አልጻፍኩም። ግን መጠየቅሽ ጥሩ ነው።

ሳይካትሪ ነርሷ፦ የመንዙ ወንድሜ፣ እግዜር ይማርልህ። አንድ ነገር ግን ልንገርህ። እኔ የምሠራው ወረዳ ላይ ነው። እኔ ዘንድ የሚደርሰው አብዛኛው ሰው እጁ ታስሮ ነው የሚመጣው። ያውም ዓመት ሁለት ዓመት ቆይቶ። ድባቴ ያለበት ወጣትማ ጭራሽ አይመጣም። «ሰነፈ»፣ «ሀሳብ አበዛ»፣ «ጫቱ ነው» ይባልና ይታለፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአእምሮ ሕመም ሲሶው የሚጀምረው ከ14 ዓመት በፊት ነው፤ ግማሹ ከ18 በፊት። እና ማን ይንገራቸው? ክኒን መደርደሪያ ላይ ስለተቀመጠ ሰው አይመጣም።

ኢንጂነሩ፦ እኔ ደግሞ ሌላ ስጋት አለኝ። ልጆቹ ፈተና ሲደርስ የሚሰማቸውን ፍርሃት አሁን «አንዛይቲ» ይሉታል። ቲክቶክ ላይ ሁሉም ሐኪም ሆኗል። እንግሊዝ አገር ከ8 ሺህ በላይ ተማሪዎችን ስለ ራሳቸው ስሜት በአርምሞ እንዲያስተውሉ ትምህርት ቤት ውስጥ አሠለጠኑ። በ2022 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲወጣ ከተለመደው ትምህርት የተሻለ ነገር አላመጣም። ስለ ችግር ማውራት ሁልጊዜ ችግር አይቀንስም። አንዳንዴ ያልነበረውን ያስታውሳል።

ሳይካትሪ ነርሷ፦ ያን ጥናት አውቀዋለሁ። ሌላውንም ጨምረው። በ10 የአውሮፓ አገሮች፣ 168 ትምህርት ቤቶች፣ 11,110 ተማሪዎች። በ2015 እ.ኤ.አ. ታተመ። አንዱ ቡድን ስለ አእምሮ ጤና እርስ በርሱ ተወያየ፣ በተውኔት ተለማመደ። ከ12 ወር በኋላ በዚያ ቡድን ውስጥ ራስን የማጥፋት ሙከራ በግማሽ ያህል አነሰ። ከማን ጋር ሲነጻጸር እንደሆነ ታውቃለህ? ግድግዳ ላይ ፖስተር ብቻ ከተለጠፈላቸው ጋር! መምህራንን ብቻ ያሠለጠኑበት ቡድን እንኳ ያን ያህል ለውጥ አላሳየም። ስለዚህ ችግሩ ማውራቱ አይደለም። ማን ያወራል የሚለው ነው።

የመንዝ ልጅ፦ ታዲያ የኛው ዘመቻ ፖስተሩ አይደል? ራስሽ መሰከርሽ 😄

ሳይካትሪ ነርሷ፦ ከፊሉ አዎ። አልክድም።

የአጣዬ ልጅ፦ ከተማችን በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል የ15 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ስለ ጭንቀት ግንዛቤ አትስጡን፤ እሱን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ታናሽ ወንድሜ እስካሁን በር ሲንኳኳ ከአልጋው ስር ይገባል። ይሄ በሽታ ነው ወይስ ያለ ነገር ነው? ይሄን የሚነግረኝ ሰው ነው የምፈልገው።

ሳይካትሪ ነርሷ፦ ልክ ነሽ የኔ እህት። እንዲያ ያለ ነገር ያየ ልጅ መደንገጡ ያለ ነገር ነው። ይሄን ያህል ዓመት ከቆየ፣ እንቅልፍና ትምህርት ከነሳው ግን መታየት አለበት። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። እዚህ አንጨርሰውም።

የእድር ጸሐፊው (ጡረተኛ)፦ ልጆቼ፣ እኔ ነኝ የምናገረው፣ የልጅ ልጄ ይጽፍልኛል። ድባቴ የምትሉትን ቃል የሰማሁት ሸምግዬ ነው። እኛ «ደበተው» ነበር የምንለው፣ ደግሞም እንደ በሽታ አንቆጥረውም። ባለፈው ዓመት የጎረቤቴ ልጅ ቤት ዘግቶ ተቀመጠ። ሰው ሲሞት ድንኳን ተክለን ሦስት ቀን እንቀመጣለን። ያ ልጅ ሦስት ወር ሲዘጋ ግን ማንም አልሄደም። እኔም አልሄድኩ። እናቱ አረቄ ሻጭ ናት፣ «ያበደ ልጅ አላት» ተብሎ ገበያዋ እንዳይጠፋ ደበቀችው። እንግዲህ ቲሸርቱ እሷን አገኛት? አላገኛትም።

የሰላ ድንጋይ ልጅ፦ ጋሼ እውነታቸውን ነው። ደብረ ብርሃን አዳራሽ ውስጥ ማንን ነው የምትቀሰቅሱት? የታመመው ያለው እኛ ጋ ነው፣ ፃድቃኔ ማርያም ጸበል። ከየአገሩ ይመጣሉ። ቤተሰብ ሐኪም ከማየቱ በፊት እዚያ ነው የሚያድረው። ወጣቶችም ብዙ ናቸው። ዘመቻ የሚባል ነገር ካለ እዚያ ይሁን።

የመንዝ ልጅ፦ ወንድሜን መድኃኒቱን ያስጣሉት ጸበል ላይ እኮ ነው። «እምነት ካለህ ክኒኑን ጣለው» አሉት።

የሰላ ድንጋይ ልጅ፦ ማን ነው ያለው? አጥማቂው ወይስ አብሮት የተኛ ሰው? ብዙ ጊዜ አብሮ አደሩ ነው የሚለው። ሁሉንም ካህን አትክሰስ።

ሳይካትሪ ነርሷ፦ ሁለቱም ይሆናል። አዲስ አበባ እንጦጦ ማርያም ጸበል ላይ ሐኪሞችና አጥማቂዎች ተስማምተው ታማሚው ጸበሉንም መድኃኒቱንም እንዲወስድ ሠርተዋል፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ተጽፎበታል። ጸበሉ በባዶ ሆድ ይጠጣ፣ መድኃኒቱ ከምግብ በኋላ ይዋጥ። ምን ያጣላል? ለድባቴ የሚሰጠው መድኃኒት ስሜቱን ለመቀየር ሁለት ሦስት ሳምንት አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ሰው በአራተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ ይተወዋል። ያን ቀን አጠገቡ ያለው እኔ አይደለሁም፣ ካህኑ ነው።

መምህሩ፦ ዚምባብዌ፣ ሐራሬ ከተማ ውስጥ አንድ ነገር አለ። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሮጊቶችን አሠልጥነው ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ሀሳብ የበዛበት ሰው ሄዶ ያወራቸዋል። በ573 ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ2016 እ.ኤ.አ. ታትሟል፣ የተሻላቸው ብዙ ናቸው።

የእድር ጸሐፊው፦ አሮጊት ከሆነማ እዚህም ሞልቷል። ቡና ብቻ ይፈላላቸው።

ተማሪዋ፦ ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔ ለእትዬ እንትና ያወራሁት ማታ ሰፈሩን ዞሮ እናቴ ጋ ይደርሳል 🙈 ደብረ ብርሃን እኮ ሐራሬ አይደለችም።

ኢንጂነሩ፦ ኧረ ይሄ ትልቁ ነጥብ ነው። ምስጢር የማይጠበቅበት ቦታ ወጣት አፉን አይከፍትም። አሁን ተስማማን፣ እኔም ጨምሮ። ግን ሥልጠናውን ማን ይሰጣል?

የመንዝ ልጅ፦ እኔ አልተስማማሁም። መድኃኒቱ መንዝ ሳይደርስ ማንም ምንም እንዲያስተምረኝ አልፈልግም።

ሳይካትሪ ነርሷ፦ መብትህ ነው። እኔ ግን ወንድምህ በታመመ በመጀመሪያው ወር ሰው አውቆለት ቢሆን ብዬ አስባለሁ።

የመንዝ ልጅ፦ … እሱስ እውነት ነው። ስምንት ወር ቡዳ ነው ስንል ከርመናል።

የእድር ጸሐፊው፦ ልጄ ነርሷ፣ የኛ እድር ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ይሰበሰባል። ከቅዳሴ በኋላ። ሰባ አባወራ ይገኛል። መጥተሽ ግማሽ ሰዓት አውሪን። አበል የለንም፣ ዳቦና ጠላ ግን አለ። ባነር አታምጪ።

ሳይካትሪ ነርሷ፦ እመጣለሁ ጋሼ። ባነርም የለኝ። ግን አንድ ነገር ልንገርዎ፣ ዝውውር ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ከሁለት ወር በኋላ እዚህ አይደለሁም።

የእድር ጸሐፊው፦ ማን ይተካሻል?

ሳይካትሪ ነርሷ፦ እሱን እኔም ጠይቄ መልስ እየጠበቅኩ ነው።