1984ን ካነበብኩ በኋላ ደብተሬ ብርቅ ሆነብኝ

ጠያቂ፦ መንግሥት ሰዉን ሁሉ ስለሚሰልልበት አገር የሚተርከውን የጆርጅ ኦርዌልን ልቦለድ፣ 1984ን፣ ትናንት ሌሊት ጨረስኩ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ዊንስተን ከአሮጌ ዕቃ ሱቅ በገዛው ደብተር ላይ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ስክሪን እንዳያየው ጥግ ይዞ ሲጽፍ እጄን አላበኝ። ዛሬ ጠዋት ታክሲ ውስጥ፣ አጠገቤ ያለው ሰውዬ አንገቱን አስግጎ እያየኝ፣ ስለ አለቃዬ የልቤን ጻፍኩ። ደስ ሲል! እናንተስ እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ብርቅ ሆኖባችሁ ያውቃል?

ቡና በጨው፦ ብቻዬን ወክ ማድረግ። መጽሐፉ ውስጥ እኮ እሱም ያስጠረጥራል።

የሰፈር ልጅ፦ እናቴ መጽሐፉን ሳታነበው ታውቀዋለች። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ቤት ለመግባት ይሮጡ ነበር። አሁንም ሲመሽ ሰዓቷን ታያለች፣ እኔ ደግሞ እስቅባት ነበር።

ጠያቂ፦ ወይ እናት! እኔ ግን ለደብተሬ ቁልፍ ያለው መሳቢያ ፈልጌለታለሁ፤ አለቃዬን አላምነውም።