ኤክስፐርት የሚባሉት ሰዎች እኔ የማላውቀውን ምን ያውቃሉ?

የቦርከና ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የጤና መኮንን ነኝ፣ ኮምቦልቻ አካባቢ ወረዳ ላይ የምሰራ፣ አራት ዓመቴ ነው። ባለፈው ዓመት ለወባ ፕሮግራም ከውጭ አንድ ባለሙያ መጣና ዘጠኝ ቀን አብሬው ዞርኩ። ከላይ ደውለው «መንገድ ታሳየዋለህ፣ ታስተረጉምለታለህ» አሉኝ። ከሐርቡ እስከ ባቲ ያልወረድንበት ቆላ የለም። ጤና ኬላ ይገባል፣ መዝገብ ይገልጣል፣ ይጠይቃል፣ እኔ አስተረጉማለሁ። እውነቱን ካወራን ግማሹን ጥያቄ ለኤክስቴንሽኗ ሳላቀብል ራሴ ነው የመለስኩት፣ መልሱን አውቀዋለሁና።

ከሦስት ወር በኋላ ሪፖርቱ መጣ። አርባ ምናምን ገጽ። እኔ ላንድክሩዘሩ ውስጥ ያወራሁት ሁሉ አለ፣ እንግሊዝኛው አምሮ፣ ግራፍ ተጨምሮበት። የኔ ስም መጨረሻ ገጽ ምስጋናው ላይ ከሹፌሩ ቀጥሎ ገብቷል፣ ያውም ተሳስቶ። የሹፌሩ ትክክል ነው።

ቅናት ነው ካላችሁኝ፣ አዎ፣ ትንሽ አለበት። ግን የምሬን ነው የምጠይቀው። እነዚህ ከአገር አገር እየዞሩ በዓለም አቀፍ የጤና ፕሮግራም የሚሰሩ ስፔሻሊስቶች እኔ የማላውቀውን ምን ያውቃሉ? ዘንድሮ ማስተርስ ልጀምር ነው። ጄኔራል ፐብሊክ ሄልዝ ይሻላል ኤፒ (ኤፒዲሚዮሎጂ፣ የበሽታ ስርጭት ጥናቱ)? ወይስ ነገሩ ሁሉ የፓስፖርት ጉዳይ ነው፣ እኔ ዝም ብዬ ነው የምደክመው?

የሆጤ ልጅ

ወንድሜ አብሽር። ደሴ ነው ያደግኩት፣ አሁን ናይሮቢ ነኝ፣ ሰው ኤክስፐርት ይለኛል፣ እናቴ ግን ሥራዬ ምን እንደሆነ እስካሁን ለጎረቤት ማስረዳት አልቻለችም።

ኤክስፐርት በምን? መጀመሪያ እሱን ጠይቅ። «ግሎባል ሄልዝ» የሚባል ሙያ የለም፣ የቢሮ ስም ነው። ትንኝ ምናምን የሚያጠና የነፍሳት ባለሙያ አለ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካለው እንዳይወጣ ሲል እንቅልፍ የሚያጣ የቅዝቃዜ ሰንሰለት ሰው አለ። ብር የሚቆጥር የጤና ኢኮኖሚስት አለ፣ ሰው ለምን አጎበር ተሰጥቶት እንደማይጠቀም የሚያጠና አለ። ሁሉም ጠባብ ነው። ጠባብነቱ ነው የሚያስከፍለው።

ምን ያውቃሉ ላልከው ትራኮማን ልንገርህ፣ ለኛ ሰው ባዳ አይደለምና። አያቴ ወረንጦ ከቀሚሷ ኪስ አይጠፋም ነበር፣ ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ እየዞረ ብሌኗን ሲፍቃት ራሷ ትነቅለው ነበር። በሽታውን ከእሷ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አንድ ወረዳ መድኃኒቱ በጅምላ ይሰጠው አይሰጠው የሚወሰነው ግን በሌላ ነገር ነው። ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ልጆች ውስጥ ስንቶቹ የላይኛው የዓይን ሽፋን ውስጥ አምስትና ከዚያ በላይ ፍሬ ወጥቶባቸዋል? ከመቶ አምስትና በላይ ከሆኑ ይሰጣል። አሁን አስበው፣ አንዱ መርማሪ አምስት ያየውን ሌላው ሦስት ካየ ቁጥሩ ገደል ገባ። ስለዚህ ፍሬው ግማሽ ሚሊ ሜትር መሙላት አለበት፣ ከሽፋኑ መሀል ላይ መሆን አለበት ብለው ወስነዋል፣ መርማሪውም ዓይኑ ከሌላው መርማሪ ጋር እስኪስማማ ይፈተናል። የወሎ ልጅና የሌላ አገር ልጅ በአንድ ሚዛን የሚቆጠሩት በዚህ ነው። ያ ሰውዬ ያንተን ወረዳ ካንተ በላይ አያውቀውም። የሚያውቀው ያንተን ወረዳ ከሌላው ጋር ማወዳደሩን ነው።

አንተ ይሄን ዛሬ መጀመር ትችላለህ። በየሳምንቱ ለፌም (ለጤና አደጋዎች ቁጥጥሩ ክፍል) የምትልከው የወባ ቁጥር አለ አይደል? የአምስት ዓመቱን አውጣ፣ ለየሳምንቱ ሦስተኛውን ሩብ (ከአምስቱ ቁጥሮች ሁለተኛውን ትልቅ) ስራ፣ የዘንድሮውን መስመር በላዩ አስምር። መስመሩን ካለፈ ወረርሽኝ ነው። ቻርቱ ግድግዳችሁ ላይ እንደተለጠፈ አውቃለሁ፣ መቼ እንደተሞላ ደግሞ አልጠይቅህም።

ፓስፖርቱን በተመለከተ አልዋሽህም፣ አለበት። የተባበሩት መንግሥታት መሥሪያ ቤቶች የአገር ውስጥ ባለሙያና ዓለም አቀፍ ባለሙያ ብለው ለይተው ነው የሚቀጥሩት፣ ደመወዙም አይገናኝም። ጀማሪ የሚያስገቡበት አንዱ በር ደግሞ አገራት ከፍለው የሚልኩት ነው፣ በብዛት የራሳቸውን ዜጋ። የኛ ልጅ የሚገባው ብዙ ጊዜ ዞሮ ነው። በአገር ውስጥ ቦታ ጀምሮ፣ አንድ ነገር ላይ ስሙ ተጠርቶ። ኤፒ ከሆነ ሐሳብህ የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂውን ፕሮግራም እይ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. የተጀመረው፣ ሁለት ዓመት ነው፣ አብዛኛው ጊዜ ክፍል ሳይሆን መስክ ላይ ነው የሚያልፈው።

ፕሮጀክቱ ያለቀበት

የሆጤ ልጅ ጥሩ ብለሃል፣ ናይሮቢ ሆኖ መምከር ይቀላል 😄

እኔ ስድስት ዓመት ኤንጂኦ ላይ ሰራሁ። አድቫይዘር ነበርኩ፣ ቢዝነስ ካርድ ነበረኝ። ጥር 2017 ላይ አሜሪካ የውጭ እርዳታውን አቆምኩ ስትል ኮምቦልቻ ስልጠና እየሰጠን ነበር፣ ከሻይ እረፍት ስንመለስ ስልኩ ሁሉ ይጮሃል። በዚያው ሰሞን ጤና ሚኒስቴር በአሜሪካ ገንዘብ የተቀጠሩ አምስት ሺህ ገደማ ሠራተኞችን ውል አቋረጠ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ዩኤስኤአይዲ ራሱ ተዘጋ። ስድስት ዓመት ሙሉ የተካንኩት የአንዱን ለጋሽ የሪፖርት ፎርም መሙላት እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ። ፎርሙን ሌላ ማንም አይፈልገውም። አሁን የአጎቴ እህል መጋዘን ላይ ነኝ፣ ኤክሴሌ ግን አልዛገም፣ የጤፉ መዝገብ እንደኔ የተያዘለት ነጋዴ የለም።

ቦርከና፣ የምትማረው ነገር ፕሮጀክቱ ሲዘጋም ወረዳው የሚፈልገው ይሁን። ፐርዲየም አይቶ የትምህርት ዘርፍ የሚመርጥ ሰው አውቃለሁ። እኔ ነኝ።

እታበባ

እኔ ያነበብኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሜ ቀረሁ። «ግማሹን ጥያቄ ለኤክስቴንሽኗ ሳላቀብል ራሴ ነው የመለስኩት።» የጤና ኤክስቴንሽን ነኝ፣ ባቲ አጠገብ፣ አሥራ አንድ ዓመቴ። ያቺ ሴት እኔ ልሁን ሌላ አላውቅም፣ ብዙ ላንድክሩዘር ነው የሚመጣብን። ግን ወንድሜ፣ እሱ አንተን ያደረገህን አንተ እሷን አድርገሃታል። ስሟ ምስጋናው ላይ አለ?

ሁሉም እንደዚያ አይደሉም። አንዴ የመጡት የነፍሳት ባለሙያዎች መዝገብ ሳይጠይቁኝ «ውሃ የት ነው የምታጠራቅሙት?» አሉኝ። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ሁሉም በርሜል አለው፣ ያለው ሮቶ አለው፣ ቤት የሚሰራ ደግሞ ለሲሚንቶው ጉድጓድ ቆፍሮ ላስቲክ አንጥፎ ውሃ ይሞላል። ዛፍ ስር ቁጭ ብለው አበል የሚቆጥሩ መስሎኝ ነበር፣ በደረታቸው ተኝተው በባትሪ ጉድጓድ ውስጥ ያያሉ። በረጅም እጀታ ጭልፋ ቀድተው አሳዩኝ። ውሃው ላይ ጠፍጣፋ ተጋድሞ የሚንሳፈፈው ትል የወባ ትንኝ ልጅ ነው፣ ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ የሚንጠለጠለው የሌላ ትንኝ ነው። ይሄን ከዚያ በፊት ማንም አላስተማረኝም፣ ስንት ስልጠና ገብቼ!

ለካስ እስቴፈንሲ የምትባል የወባ ትንኝ አለች፣ ከእስያ የመጣች። አፍሪካ ውስጥ መጀመሪያ በ2012 እ.ኤ.አ. ጅቡቲ ተገኘች፣ እኛ አገር በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪ ደሃር፣ ከዚያ በ2018 እ.ኤ.አ. በተደረገ ቅኝት ባቲም ከተገኘችባቸው ከተሞች አንዷ ሆነች። የድሮዋ ትንኝ ዝናብ ያቆረውን ውሃ ነው የምትወደው፣ ለዚህ ነው ወባ ከመስከረም በኋላ የሚነሳብን። ይቺ ግን የበርሜል ናት፣ በጋ ክረምት አትል። ለዓመታት ስለ ረግረግ ማዳፈን አስተማርኩ፣ ትንኟ ጓዳዬ ነበረች።

ኤክስፐርት ማለት ለኔ እነዚያ ናቸው። ጉድጓዱ ጫፍ በደረታቸው የተኙት።

ጡረተኛው

ልጆቼ፣ ጨዋታችሁን ሳነብ አመሸሁ። እኔ ወጣት ሆኜ ፈንጣጣ ማጥፊያ ላይ ሰርቻለሁ። አገራችን ውስጥ ዘመቻው ጥር 1963 ነው የተጀመረው፣ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ታማሚ ተመዘገበ። መኪና የሚገባበት ስንት ቦታ ነበርና! በበቅሎ፣ በእግር ነው። ፈንጣጣ የወጣበት ልጅ ሥዕል በካርድ ይዘን ገበያ ላይ፣ ትምህርት ቤት ላይ «እንዲህ ያለ አይታችኋል?» እንላለን። አለ የተባለበት ሄደን ዙሪያውን እንከትባለን፣ ጫፏ እንደ ሹካ በተሰነጠቀች መርፌ። ሁሉን ሰው መከተብ ሳይሆን በሽታውን ፈልጎ መክበብ ነበር ዘዴው። የመጨረሻው የአገራችን ታማሚ ነሐሴ 1968 ባሌ ቆላ ውስጥ ተገኘ።

ዓለም ያወቃቸው ባለሙያዎች ከመሀላችን ነበሩ። ሲሮ ደ ኳድሮስ የሚባል ብራዚላዊ ሐኪም እዚህ ሰርቶ፣ ኋላ አሜሪካ አህጉር ሄዶ የፖሊዮን ዘመቻ መራ፣ በ1994 እ.ኤ.አ. አህጉሩ ከፖሊዮ ነጻ ተባለ። እሱን ኤክስፐርት ያደረገው የኛ ተራራም ነው። ይሄን ስላችሁ አብሮት ካርዱን ይዞ የዞረው ያገሬ ልጅ ግን ዛሬ ስሙን የሚያነሳው የለም፣ ቦርከና ያልከው እውነት ነው።

ደግሞ ሁሉ ከውጭ አይመጣም። አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ወንዝ ዳር ቢልሃርዝያ ሊያጠና ሄዶ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከእነሱ በታች ያለው ቀንድ አውጣ ሞቶ አየ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ያ ቀንድ አውጣ ነው። እንዶድ የኛም እናቶች ሳሙና ነበር፣ ስንት የተማረ ሰው በዚያ ውሃ ተሻግሯል! ማየት ብቻ ግን አልበቃውም፣ ላቦራቶሪ ገብቶ ዓመታት ፈጀበት፣ የውጭ ተቋማት እዚህ የተሰራውን ጥናት ለመቀበል ብዙ አንገራገሩ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረባው ከለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ስዊድን ላይ ተሸለመ። ልጄ፣ አንተ መኪና ውስጥ ያወራኸውን ሰውዬው ጻፈው። ለምን አንተ አልጻፍከውም?

የቦርከና ልጅ (ጠያቂ)

ጋሼ፣ የመጨረሻዋ ጥያቄዎ ራት አላስበላችኝም። አልጻፍኩትም፣ ምክንያትም የለኝም።

እታበባ፣ ይቅርታ። ስሟ የለም። እኔም ስሟን አልጠየቅኳትም፣ ዘጠኙን ቀን «እህቴ» ስላት ነው የከረምኩት።

የአምስት ዓመቱን ቁጥር ትናንት ማታ አወጣሁት። የ2014ቱ ግማሹ የለም፣ በጦርነቱ ጊዜ መዝገቡ ጠፍቷል። የቀረውን አስምሬ ሳየው የቆላዎቹ ሁለት ቀበሌዎች የካቲትና መጋቢትም ላይ ከመስመሩ በላይ ናቸው። ዝናብ በሌለበት። ከትንኟ ይሁን ከሌላ አላውቅም፣ በርሜሎቹን ሳላይ አልናገርም። የሆጤ ልጅ፣ ጄኔራሉን ትቼ ነፍሳቱን ልማር እያሰብኩ ነው፣ ሳቅብኝ። ደሴ ያላችሁ፣ ያቺን ባለረጅም እጀታ ጭልፋ የሚያበድረኝ አለ? እታበባ፣ ፈቃድሽ ከሆነ ሰኞ ባቲ ልውረድ፣ የምታሳዪኝን ልይ።

እታበባ

ሰኞ አትምጣ፣ ሰኞ ገበያ ነው፣ ቤቱ ሁሉ ዝግ ነው። ሐሙስ ና። ውሃ የሚመጣው ረቡዕ ማታ ነው፣ በርሜሉ ሳይሞላ ትሉ አይታይህም። ጭልፋውን ተወው፣ እኔ ጋ አለ።