ጨው ላይ ተጣብቄ ቀረሁ

ሰላም፣ የባዮሎጂ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ቦንድ (አቶሞችን የሚያያይዘው ትስስር) ላይ ግራ ገብቶኛል፤ እባካችሁ አስረዱኝ።

ጨው ሲፈጠር ሶዲየም የውጭ ኤሌክትሮኑን ለክሎሪን ይሰጣል፤ ከዚያ በተቃራኒ ቻርጅ ይሳሳባሉ። እዚህ ድረስ ገብቶኛል። ኬሚስትሪ ላይ ይህ አዮኒክ ቦንድ የሚባለው መሳሳብ ጠንካራ ነው ተባልን። ጨው ለማቅለጥ እንኳ 801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያስፈልጋል።

የባዮሎጂ ማስታወሻዬ ደግሞ «ሴል ውስጥ አዮኒክ ቦንድ ከኮቫለንት ይልቅ ደካማ ነው» ይላል (ኮቫለንት አቶሞች ኤሌክትሮን የሚጋሩበት ቦንድ ነው)። ማታ አንድ ማንኪያ ጨው ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምሬ አማሰልኩ። እሳት የለ፣ ምን የለ፣ ድራሹ ጠፋ! (እናቴ «ጨው አታባክኚ» ብላ ተቆጣችኝ።)

የውሃው ኦክስጅን በከፊል ኔጌቲቭ ስለሆነ ሶዲየምን ይከበዋል፤ እሺ። ግን ያ ትንሽ መሳሳብ የ801 ዲግሪን ሥራ እንዴት ቻለው? ስኳርስ ሲሟሟ የውስጥ ኮቫለንት ቦንዱ ለምን አይበጠስም? ሰኞ ፈተና አለብኝ።