ትራክ (አንገት ላይ የሚገባ የመተንፈሻ ቱቦ) ያለበት ታካሚ ሲመጣ ሁሉም ይሸሻል፤ ዋርዱን እንዴት ላሠልጥን?

የታቦር ልጅ፦
ሰላም የሙያ ጓደኞች። ሐዋሳ ነኝ፣ ቀዶ ሕክምና ዋርድ። ትራኪዮስቶሚ (ትራክ) የተሠራለት ታካሚ ከአይሲዩ (ከጽኑ ሕሙማን ክፍል) ሲመጣልን አልጋው ጋ የሚጠጋ ይጠፋል። ባለፈው ማታ ተራዬ ነበር። አንዱ ታካሚ ተኝቷል ስንል ለካ ቱቦው እየተዘጋ ነው። ኢነር ካኑላውን (የሚወጣ የሚገባውን ውስጠኛ ቱቦ) ስስበው ጫፉ ላይ አክታ እንደ ሙጫ ደርቋል። ሰውዬው ወዲያው ተነፈሰ፤ የኔ እጅ ግን እስኪነጋ ሲንቀጠቀጥ አደረ። አሁን ሜትረኗ "በይ አንቺው አሠልጥኚ" አሉኝ። 12 ነርስ፣ ሁለት ከሰዓት በኋላ፣ 60 ገጽ ስላይድ። ማኒኪን (የመለማመጃ አሻንጉሊት) የለም።

አይሲዩ አዳማ፦
እህቴ ስላይዱን ተይውና እጃቸውን አሠሪ። የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ያገለገለ የቬንትሌተር ቱቦ፣ ቁራጭ ስፖንጅ፣ አለቀ፣ አንገት ሆነልሽ። ለአክታው አጥሚት አፍሺበት (አትሳቂ፣ ይሠራል)። ካቴተሩ (ለሳክሽን፣ ማለትም አክታ ለመሳብ የሚገባው ቀጭን ቱቦ) ከትራክ ቱቦው ውስጠኛ ስፋት ግማሽ አይብለጥ። ሲገባ አይሳብ፣ ሲወጣ ብቻ፤ አንዱ ዙር ከ10 እስከ 15 ሰከንድ አይለፍ። እኔ "ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ሳክሽን አድርጉ" እላቸዋለሁ፤ እነሱን ሲጨንቃቸው ታካሚውንም እንደጨነቀው ያኔ ይገባቸዋል።

አንገት በላይ፦
ሲስተር፣ መዘጋቱን ደጋግመሽ አለማምጃቸው። ሰው ጥሩ፣ ኦክስጅን ስጡ፣ ኢነር ካኑላውን አውጡ፣ ካቴተር ስደዱ። አልገባም ካለ የካፉን (የቱቦው ዙሪያ ፊኛ) አየር አውጡ። አሁንም ካልተሻለው ቱቦውን አውጡት፤ ሰው የሚፈራው እዚህ ጋ ነው፣ ግን የተዘጋ ቱቦ ቱቦ ከሌለው አንገት ይብሳል። ራስጌው ላይ ተመሳሳይ ቁጥርና አንድ ቁጥር ያነሰ ትርፍ ቱቦ ይኑር። ማንቁርቱ ሙሉ በሙሉ የወጣለት ታካሚ ደግሞ የሚተነፍሰው በአንገቱ ብቻ ነው፣ በአፉ የምትሰጡት ኦክስጅን ሳንባው አይደርስም። የእንግሊዙ ናሽናል ትራኪዮስቶሚ ሴፍቲ ፕሮጀክት ለዚህ ራስጌ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት አለው፤ ማንቁርት ለሌለው ቀይ፣ ለሌላው አረንጓዴ። በነፃ ይገኛል፣ አትሚው። የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ በፊትም በአንገትም ስጡ።

ዝም ብዬ ነው፦
የካፉን የውጭ ፊኛ በጣት ጫን እያደረጉ "ልክ ነው" ማለትም ይቅር በሏቸው። የካፉ ግፊት ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ውሃ ነው፣ የሚለካውም በመለኪያ ነው። ዋርዱ መለኪያ ከሌለው ከአይሲዩ ተዋሱ፣ እኛ እንደዚያ ነው የምናደርገው። አስታማሚዎችንም አትርሱ። ትራክ ይዞ ቤቱ የገባ ሰው ሐይቅ ገብቶ መዋኘት እንደማይችል ማንም ሳይነግረው ይሄዳል፤ ሐዋሳ ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም።

የታቦር ልጅ፦
ተባረኩ። ስላይዱን ወደ 6 ገጽ አወረድኩት። ሃይላንዱንም ሠራሁ። አጥሚቱ ቀጠነብኝና በሶ በጠበጥኩ፤ ካቴተሩን ድፍን አደረገው፣ ልክ እንደዚያ ማታ። ቅዳሜ በሱ እጀምራለሁ።